መኪናው ፒ ላይ አልነሳ ሲል

እኔ ሻርጃ ውስጥ በአንድ ቤት ሹፌር ሆኜ የምሠራ እህታችሁ ነኝ። መጀመሪያ የመጣሁት እንደ ብዙዎቻችን ለቤት ሥራ ነበር። ሦስት ዓመት ምግብ ሳበስልና ልጆች ስጠብቅ ቆይቼ፣ ማዳም መንጃ ፈቃድ እንዳወጣ አደረገችኝ። አሁን ልጆቹን ትምህርት ቤት የማደርሰውም ገበያ የምመላለሰውም እኔ ነኝ። በኤምሬትስ ሕግ የቤት ሹፌር እንደ ሞግዚቷና እንደ ምግብ አብሳይዋ የቤት ሠራተኛ ተብሎ ይቆጠራል። ስለዚህ ስለ መኪና የሚያወራ ጽሑፍ እዚህ ማግኘታችሁ አይግረማችሁ። የማትነዱትም ብታነቡት ደስ ይለኛል፤ መኪና የምታጥቡ ብዙ ናችሁና፣ ነገሩ በመጨረሻ ወደ እጥበትም ይመጣል።

ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከሩብ፣ ሁለቱን ልጆች ከኋላ አስቀምጬ ቀበቷቸውን አሰርኩና ቁልፉን አዞርኩ። የክሩስኮቱ መብራት በራ፣ ሬዲዮው ተናገረ። ሞተሩ ግን ጭራሽ ዝም አለ። ደግሜ አዞርኩ፣ ዝም። ሙቀቱን ታውቁታላችሁ፤ ኤሲ በሌለበት መኪና ውስጥ ልጆቹ በአምስት ደቂቃ ላብ በላብ ሆኑ። በታክሲ ሸኘኋቸው። ባባ ወጥቶ ሞከረ፤ እሱም አልሆነለትም። ተናድዶ የማርሽ ዘንጉን ወዲያና ወዲህ ሲያንገላታው በድንገት ተነሳ። ካጠፋው በኋላ ግን እንደገና እምቢ አለ።

ሪከቨሪ ተጠርቶ መኪናው ወደ አንድ ጋራዥ ተወሰደ። ማታ ባባ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ጋራዡ፣ ካምቢዮው ስለተበላሸ መውረድ አለበት፣ 6,500 ድርሃም ያስፈልጋል ብሎታል። አንድ ነገርም ጨምረውለታል። ሹፌሯ መኪናው ሳይቆም ከዲ ወደ አር እየለወጠች ነው ያበላሸችው ብለውታል። ባባ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ገንዘብ ሲነካ ማንም ሰው የሚያመካኝበት ይፈልጋል። ከደመወዜ በየወሩ 500 ድርሃም እንደሚቆርጥ ነገረኝ። የኔ ደመወዝ 1,700 ነው። አስሉት፤ 13 ወር ማለት ነው። የመጀመሪያው 500 የዚያኑ ወር ተቆረጠ። በአረብኛ የተጻፈ ወረቀትም አምጥቶ ፈርሚ አለኝ። ማንበብ ስለማልችል፣ የሚያነብልኝ ሰው እስካገኝ ጊዜ ይስጠኝ ብዬ በትሕትና ለመንኩት። ያን ማድረጌ ጠቀመኝ። እናንተም ያላነበባችሁትን ወረቀት አትፈርሙ።

ያን ሌሊት አዲስ አበባ ላለው ታናሽ ወንድሜ ደወልኩ። ሱማሌ ተራ አካባቢ የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራል። እያለቀስኩ ነገርኩት። እስክጨርስ ጠበቀኝና፣ «እትዬ፣ ቁልፉን ስታዞሪ ሞተሪኖው ይጮኻል ወይስ ዝም ነው?» አለኝ። ዝም ነው አልኩት። «እንግዲያው ካምቢዮ ተቃጠለ ያለሽ ሰው አልመረመረውም» አለ።

ያስረዳኝን እኔ በገባኝ መጠን ልንገራችሁ። የአውቶማቲክ መኪና ካምቢዮ ውስጡ ሲቃጠል ሞተሩ ከመነሳት አይቀርም። የሚቀረው መሄዱ ነው። ነዳጅ ስትረግጪ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን ይለግማል፤ ማርሽ ሲቀይር ይንሸራተታል፤ የካምቢዮው ዘይት ይጠቁርና የተቃጠለ ይሸታል። የኛ መኪና አንዴ ከተነሳ ወደ ፊትም ወደ ኋላም እንደ ድሮው ነበር የሚሄደው። ችግሩ ማስነሳቱ ላይ ብቻ ነበር። መብራቱ ሁሉ ደምቆ እየበራ ሞተሪኖው ጭራሽ ዝም ካለ፣ «ዙር» የሚለው ትእዛዝ መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ትእዛዙን ከሚያስቀሩት አንዱ ደግሞ የማርሽ ቦታ ሴንሰር ነው።

ሴንሰሩ ምን ይሠራል? በእጃችን የምንይዘው የማርሽ ዘንግ ከታች በብረት ገመድ፣ መካኒኮች ካቮ በሚሉት፣ ከካምቢዮው ጋር የተያያዘ ነው። ገመዱ ሲሳብ በካምቢዮው ጎን ያለች አጭር ዘንግ ትዞራለች። በዚያች ዘንግ ላይ እንደ ቀለበት የተጠለቀ፣ መዳፍ የሚያክል ጥቁር ፕላስቲክ አለ። ሴንሰር የሚባለው እሱ ነው። ውስጡ የመዳብ መስመሮችና በላያቸው የሚንሸራተት ምላስ አለው። ዘንጉ ፒ ላይ ሲሆን ምላሱ አንዱን መስመር ይነካል፣ አር ላይ ሌላውን፣ ኤን ላይ ሌላውን፣ ዲ ላይ ሌላውን። የመኪናው ኮምፒውተር አንቺ ዘንጉን የት እንዳደረግሽው የሚያውቀው በዚህ ብቻ ነው። ክሩስኮቱ ላይ ፊደሏን የሚያበራው፣ ወደ ኋላ ስትሄጂ ነጩን መብራትና ካሜራውን የሚያስነሳው ይኸው መረጃ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ሞተሪኖው በፒ እና በኤን ላይ ብቻ እንዲዞር ይፈቅዳል። በዲ ላይ ቢነሳ መኪናው ዘሎ ከፊቱ ያለውን ይመታል። እንግዲህ ሴንሰሩ «ፒ ላይ ነው» ብሎ መናገር ካቃተው ኮምፒውተሩ አያምንሽም፤ ስለማያምንሽም ሞተሩን አያስነሳም። መኪናው ሳይበላሽ የተበላሸ የሚመስለው ለዚህ ነው።

ወንድሜ በማግስቱ የማደርገውን አንድ በአንድ አስጻፈኝ። አንድም መሣሪያ አያስፈልገውም፤ መኪና ሥር መግባትም የለበትም። ዋጋው ስለከበደው ባባ መኪናውን ወደ ቤት አስመልሶት ነበር። ማዳምን አስፈቀድኩ፤ እናንተም ሳታስፈቅዱ አትንኩ። ማዳምም ነገሩ ስላሳሰባት አጠገቤ ቆመች።

ከፈተናው በፊት ያለውን ጥንቃቄ እባካችሁ አትዝለሉት። ሴንሰሩ ወይም ገመዱ ሲበላሽ ፒ ብለሽ ያቆምሽው መኪና በእርግጥ ፒ ላይ መሆኑ አይታወቅም። ስለዚህ ቦታው ደልዳላ ይሁን። የእጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻ ሳቢ። ከጎማው ፊትና ኋላ ጡብ ወይም ወፍራም እንጨት አድርጊ። ልጆች ቤት ይግቡ፤ ከመኪናው ፊትና ኋላ ሰው አይቁም። የግቢው ጋራዥ በር ይከፈት፣ ጭስ ይገድላልና። ቁልፉን የምታዞሪው ወንበሩ ላይ ተቀምጠሽ፣ ቀኝ እግርሽን ፍሬን ላይ አጥብቀሽ ነው። በመስኮት እጅ አስገብቶ ማስነሳት በፍጹም አይሆንም፤ በዚህ ዓይነት አጉል ድፍረት የተጎዳ ሰው ብዙ ነው።

መጀመሪያ የተመለከትኩት ባትሪውን ነው። የፊት መብራቱን አብርቼ ቁልፉን አዞርኩ። መብራቱ ቢደበዝዝና ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ቢመጣ ኖሮ ነገሩ የባትሪ ወይም የባትሪ ገመድ ይሆን ነበር፤ በዚህ አገር ሙቀት ባትሪ ቶሎ ይሞታል። የኛ መብራት ምንም አልደበዘዘም። ባትሪው ደኅና ነው ብዬ ጻፍኩ።

ቀጥሎ የፍሬን መብራት። ፍሬን ስረግጥ ማዳም ከሩቅ ሆና አየችልኝ፤ ቀዩ መብራት በራ። ብቻሽን ከሆንሽ መኪናውን ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥተሽ በመስታወት ማየት ትችያለሽ። ይህ ለምን እንደሚጠቅም እኔም መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ፍሬን ስትረግጪ ቀዩን መብራት የሚያበራ ትንሽ ማብሪያ ከፔዳሉ በላይ አለ። እሱ ሲሞት ዘንጉ ከፒ አልወጣም ይላል፤ በቁልፍ ሳይሆን በመጫኛ የሚነሳ መኪና ደግሞ ጭራሽ አይነሳም። ምልክቱ ከማርሽ ሴንሰሩ ጋር ስለሚመሳሰል ሰው ያምታታቸዋል፤ ዋጋው ግን በጣም ትንሽ ነው።

ዋናው ፈተና ሦስተኛው ነው። ፍሬን ረግጬ ዘንጉን ከፒ ወደ ኤን አመጣሁና ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩ ምንም እንዳልተፈጠረ ወዲያው ተነሳ። ማዳም ጮኸች፤ እኔም እጄ ተንቀጠቀጠ። አጥፍቼ ወደ ፒ መለስኩት፤ ዝም። ወደ ኤን፤ ተነሳ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት፣ ሦስቱንም ጊዜ እንደዚያው ሆነ። ባትሪውና ሞተሪኖው ደኅና ባይሆኑ ኤን ላይም ባልተነሳ ነበር። ከዚያ ዘንጉን ፒ ላይ አድርጌ፣ ቁልፉን ወደ ማስነሻው አዙሬ እንደያዝኩ በሌላው እጄ ዘንጉን ወደ ፊት ቀስ ብዬ ገፋሁት። ከአራት ሙከራ አንዴ ተነሳ። ባባ ሲያንገላታው የተነሳለትም ለዚሁ ነበር፤ ምላሱ ለቅጽበት መስመሩን ነክቶለታል።

አራተኛው ትዕግሥት ይፈልጋል። ሞተሩን ሳላስነሳ ቁልፉን መብራት እስኪበራ ብቻ አዞርኩና ዘንጉን በየቦታው አቆምኩት። በእያንዳንዱ ላይ እስከ አምስት ቆጠርኩና ክሩስኮቱ ላይ የምትበራውን ፊደል ጻፍኩ። ፒ ላይ ምንም ፊደል አልነበረም። አር ላይ አር በራ፣ ነጩ የኋላ መብራትም በራ፣ ካሜራውም መጣ። ኤን ላይ ኤን፣ ዲ ላይ ዲ። ማታ ሲቀዘቅዝ ደገምኩት፤ ልዩነት አልነበረውም።

ይህን በስልክ ሳነብለት ወንድሜ ሳቀ። «እትዬ፣ ጨረስሽው እኮ» አለኝ። እሱ እንዳስረዳኝ፣ አንዲት ፊደል ብቻ ጠፍታ ሌሎቹ ትክክል ከሆኑ፣ የሴንሰሩ አንድ መስመር ሞቷል ወይም የዚያ መስመር ሽቦ ተቋርጧል። ፊደሎቹ ሁሉ በአንድ ቦታ ከተንሸራተቱ ግን፣ ማለትም ዘንጉ ኤን ላይ ሆኖ ክሩስኮቱ አር ካለ፣ አንድም ሴንሰሩ ብሎኑ ላልቶ ከቦታው ዞሯል፣ አንድም ካቮው ረዝሟል ወይም ጫፉ ላይ ያለው ፕላስቲክ ተሰብሯል። እነዚህን ሁለቱን የምትለዪው እንዲህ ነው። መኪናው የሚታዘዘው ለክሩስኮቱ ፊደል ከሆነ ጥፋቱ የካቮው ነው፤ ካምቢዮው በእርግጥ ሌላ ማርሽ ላይ ነውና። የሚታዘዘው ለዘንጉ ከሆነና ፊደሉ ብቻ ከዋሸ ጥፋቱ የሴንሰሩ ነው። ይህን ግን እየነዳችሁ አትፈትኑት። ካቮው ያረጀ መኪና ፒ ላይ ቆሞ ሳለ ሊንሸራተት ስለሚችል፣ የፊደሎቹን መንሸራተት ብቻ አይታችሁ ለመካኒክ ንገሩ።

ነጩ መብራት ብቻ ቢጠፋና አር የምትለዋ ፊደል ብትበራ ደግሞ አምፖሉ ወይም ፊውዙ ነው። ሁለቱም አብረው ሲጠፉ ነው ሴንሰሩን የምትጠረጥሪው። በመንገድ ላይም ምልክት አለው። ኮምፒውተሩ ዘንጉ የት እንዳለ ሲጠፋበት ካምቢዮውን ለማዳን ሲል ማርሽ መቀየር ያቆምና አንዱ ላይ ይቀራል፤ መኪናው ከቆመበት ሲነሳ ይከብደዋል፣ ወይም ማርሽ ሲገባ በኃይል ይመታል። ይህን አይቶ ካምቢዮ ሞተ የሚል መካኒክ አለ፤ ሁልጊዜ ለማታለል ሳይሆን አንዳንዴም ከችኮላ ነው።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ ይበልጥ ልብ በሉ። መኪናው በዲ ወይም በአር ላይ ሳለ ሞተሩ ከተነሳ፣ ሴንሰሩ የከፋውን ውሸት እየዋሸ ነውና መኪናውን ወዲያው አጥፉት፣ አትንዱት። ልጆች የሚጫኑበት መኪና ከሆነ ማዳም ብትቆጣም አይነዳም በሉ። እንዲሁም መንገድ ዳር ያለ ሠራተኛ ሁለት ሽቦ አገናኝቶ ዳይሬክት ላድርግልሽ ቢላችሁ እምቢ በሉት። በርካሽ ይነሳል፤ ግን በማንኛውም ማርሽ ላይ ይነሳል። ያኔ በእርግጥ ጥፋቱ የእጃችሁ ይሆናል።

የጻፍኩትን በንጹሕ ወረቀት ገለበጥኩት። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ስንት ጊዜ እንደሞከርኩና ምን እንደሆነ አሰፈርኩ። የማዳም ትልቋ ልጅ በአረብኛ ጻፈችልኝ። ክሩስኮቱንም ዘንጉ ፒ ላይ እንዳለ ፊደል እንደሌለበት በስልክ ቪዲዮ ቀረጽኩ። ባባ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበ። ምንም አላለኝም፤ ግን ቅዳሜ ጠዋት ሌላ ጋራዥ እንሂድ አለ። መኪናውን ኤን ላይ አስነስቶ እሱ ራሱ ነዳው።

እዚያ ያገኘነው አንድ ሽማግሌ ፓኪስታናዊ ኤሌክትሪሻን ነው። ወረቀቱን አይቶ ፈገግ አለና ከመሪው በታች ባለው መሰኪያ ላይ ትንሽ መመርመሪያ ሰካ። ኮምፒውተሩ ያስቀመጠው የስህተት ቁጥር ፒ 0705 ነበር። ይህ ቁጥር የማርሽ ቦታ ሴንሰር መስመር ላይ ችግር አለ ማለት ነው። 0706፣ 0707 እና 0708 የሚሉትም የዚያው ቤተሰብ ናቸው፤ በማንኛውም ዓይነት መኪና ላይ ትርጉማቸው ያው ነው። ሰውየው ግን ቁጥሩን አይቶ ብቻ ዕቃ አልቀየረም። እኔም እዚህ ላይ ነው ያመንኩት። ቁጥሩ የሚናገረው መስመሩን እንጂ ዕቃውን አይደለም፤ የተበጠሰ ሽቦም፣ የላላ መሰኪያም፣ ከቦታው የዞረ ሴንሰርም ያንኑ ቁጥር ያመጣሉ። ዘንጉን በየቦታው እያስቀመጠ ኮምፒውተሩ ምን እንደሚያይ አሳየን። አር፣ ኤን፣ ዲ ትክክል ናቸው፤ ፒ ላይ ባዶ ነው።

ከዚያ ኮፋኖውን ከፈተና የሴንሰሩን መሰኪያ ነቀለ። ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ነበረበት። በመርጨ አጸዳውና በሜትር ለካው፤ የፒው መስመር አሁንም አልነበረም። ዝገቱ እስከ ውስጥ ገብቷል አለ። «ውሃ ነው» አለ በአረብኛ። «ማን ነው ሞተር የሚያጥበው?»

እህቶቼ፣ እኔ ነበርኩ። በየዓርቡ ኮፋኖ ከፍቼ በውሃ ጎማ ሞተሩን አጥብ ነበር፤ ማዳም ሲያብረቀርቅ ትወዳለች። ማንም አታድርጊ አላለኝም። ዝም ብዬ ማለፍ እችል ነበር፤ ሽማግሌውም የጠየቀው ለጨዋታ ያህል ነው። ግን በካምቢዮው አልበደልኩም ብዬ የተከራከርኩበት አንደበት በውሃው ሊዋሽ አልሆነለትም። እኔ ነኝ፣ ማዳም ታዝዘኝ ነበር፣ ክፉነቱን አላውቅም ነበር አልኩ። ባባ ቀና ብሎ አየኝ። ሽማግሌው ደግሞ፣ ዕድሜም ሙቀትም አለበት፣ ውሃ ብቻውን አይደለም ብሎ አገዘኝ። ይህ እውነት ነው፤ ሴንሰሩ ያለው ከጋለ ካምቢዮ ጋር ተጣብቆ ስለሆነ ፕላስቲኩም መዳቡም ከዓመታት በኋላ ያልቃል። አንዳንዴም በዘንጓ ዙሪያ ያለው ጎሚኒ አርጅቶ ዘይት ይገባበታል። ቢሆንም መኪና የምታጥቡ ሁሉ ስሙኝ። ኮፋኖ ውስጥ በጎማ ውሃ አትርጩ። በእርጥብ ጨርቅ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲቆም ብቻ ጥረጉት። የሞተር እጥበት ስትታዘዙ፣ መሰኪያዎቹ ውስጥ ውሃ ይገባል ብላችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

አዲሱ ሴንሰር 260 ድርሃም፣ የእጁ 150፣ ሁሉም ባንድ ላይ 410 ሆነ። ሥራው ከአንድ ሰዓት አልበለጠም። ሲገጠም የሚደረገውን በዓይኔ አይቻለሁ። ዘንጉን ኤን ላይ ያደርጉታል። ሴንሰሩ የሚታሰርባቸው ቀዳዳዎች ረዘም ያሉ ስለሆኑ ብሎኑ ሳይጠብቅ ወዲያና ወዲህ ይዞራል። በላዩ ያለው የኤን ምልክት ከዘንጓ ጋር ሲገጥም ያጠብቁታል። ይህ ካልተደረገ አዲስ ዕቃም እንደ አሮጌው ይዋሻል። ስለዚህ ከጋራዥ ከመውጣታችሁ በፊት ፈትኑ። ፒ ላይ ይነሳ፣ ኤን ላይ ይነሳ፤ ነጩ መብራት በአር ብቻ ይብራ፤ ፊደሎቹ ሁሉ ከዘንጉ ጋር ይግጠሙ። በዲ እና በአር ላይ እንደማይነሳ ግን መካኒኩ ራሱ ፍሬኑን አጥብቆ ይፈትነው።

ሁሉም መኪና እንደኛው አይደለም። በአንዳንዱ፣ በተለይ በብዙ የአውሮፓ መኪናዎች፣ ይህ ሴንሰር ካምቢዮው ውስጥ ከዘይት ጋር ስለሚቀመጥ ዘይት ሳይቀዳ አይደረስበትም፤ ዋጋውም ያኔ በእርግጥ ይከብዳል። አንዳንድ አዳዲሶች ደግሞ ካቮ የላቸውም፤ ዘንጉ ራሱ እንደ ቴሌቪዥን መቆጣጠሪያ ትእዛዝ ብቻ ነው የሚልከው። በእነዚህም ላይ የባትሪው፣ የፍሬን መብራቱና የፊደሎቹ ፈተና ያው ነው፤ የቀረውን ለኮምፒውተር ምርመራ ትተዉታላችሁ።

ጋራዥ ውስጥ የጠቀሙኝን ጥቂት የአረብኛ ቃላት ልስጣችሁ። ካምቢዮውን እዚህ ጊር ይሉታል፣ ሴንሰሩን ሐሳስ። «ሰያራ ማ ትሽተጊል ዓላ ፒ፣ ትሽተጊል ዓላ ኤን» ማለት መኪናው ፒ ላይ አይነሳም፣ ኤን ላይ ይነሳል ነው። «አወል ፈሕስ ኮምፒውተር» ማለት መጀመሪያ በኮምፒውተር ይመርመር ማለት ነው። «አቢ አልቂጥዓ አልቀዲማ» አሮጌውን ዕቃ እፈልጋለሁ ማለት ነው። ፋቱራ የሚሉት ደረሰኙን ነው፤ የተቀየረው ዕቃ ስም እንዲጻፍበት ጠይቁ። አሮጌውን ዕቃ ይዛችሁ ወደ ቤት ስትመለሱ፣ ተቀየረ የተባለው በእርግጥ መቀየሩን አሠሪያችሁ በዓይኑ ያያል።

ያልፈረምኩት ወረቀት እንዲሁ ቀረ። በሚቀጥለው ወር ደመወዜ ሲሰጠኝ ፖስታው ውስጥ 2,200 ነበር፤ የተቆረጠው 500 ተመልሷል። ባባ ስለ ነገሩ አንድ ቃል አልተናገረም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ከ410ሩም ምንም አልቆረጠብኝም። ዓርብ ሲመጣ ግን ማዳም ራሷ የውሃውን ጎማ ከኮፋኖው አራቀችና «ጎማዎቹን ብቻ» አለችኝ።

ወረቀቴን በመኪናው ኪስ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ባለፈው ወር ጎረቤት ያለች የጎንደር ልጅ፣ እሷም ሹፌር ናት፣ እየሮጠች መጣች። መኪናዋ በመጫኛ የሚነሳ ነው፤ አልነሳ ብሏል፣ ዘንጉም ከፒ አልወጣ ብሏል፣ አሠሪዋ ደግሞ ሊመጣ አንድ ሰዓት ቀርቶታል። ማርሹ ነው የተበላሸው ብላ ነበር። ወረቀቱን አውጥተን ከላይ ጀመርን። መብራቱ ደማቅ ነው። ፍሬን ርገጪ አልኳትና ከኋላ ራቅ ብዬ አየሁ። ቀዩ መብራት አልበራም። የፍሬኑን ማብሪያ በማግስቱ በ35 ድርሃም ቀየሩላት።